«ሆዴ እስኪናገር እጠብቃለሁ»

ሆሳዕና ላይ ወሬ ከባጃጅ ይፈጥናል። ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል ወረፋ ይዛ የተቀመጠች የሱቅ ሠራተኛ አጠገቧ የጎረቤት ልጅ፣ የቤተ ክርስቲያን እኅት ወይም የአለቃዋ ዘመድ ብትቀመጥ አይገርምም። ዱራሜና ሺንሺቾ፣ ሾኔና ሆመቾም ያው ናቸው። ስለዚህ «ለአሠሪዬ መቼ ልንገረው?» የሚለው ጥያቄ እዚህ ሌላ ጥያቄ ያስከትላል፦ እኔ ልንገረው ወይስ ሌላ ሰው ይቅደመኝ?

ተረት፦ «ቶሎ ከተነገረ የሰው ዓይን ያርፍበታል።»

ዝምታው ያለ ምክንያት አልመጣም። ከሚጨነግፉ እርግዝናዎች አብዛኞቹ የሚጨነግፉት በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ነው። ያኔ ለሰው ሁሉ የነገረች ሴት ኋላ ኀዘኗንም ለሰው ሁሉ ማስረዳት ይኖርባታል፤ ይህን መሸሿ ማስተዋል ነው። ፅንሱን ያስወረደው ግን ወሬው አይደለም። በእነዚያ ሳምንታት ከሚታወቁት ምክንያቶች ዋነኛው የፅንሱ የክሮሞዞም ጉድለት ነው። ለአለቃ አለመንገር ይቻላል፣ ከጤና ጣቢያ መቅረት ግን ሌላ ነገር ነው፦ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር የመጀመሪያው ክትትል 12 ሳምንት ሳይሞላ መጀመር አለበት።

ተረት፦ «ሕጉ በሦስተኛው ወር አሳውቂ ይላል።»

አይልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ እንዲህ ያለ ቀን የለም። ነገር ግን አዋጁ ለነፍሰ ጡር ከሚሰጣቸው ጥበቃዎች ብዙዎቹን የሚያስጀምረው የሐኪም ወረቀት ነው። ለክትትል የምትሄድበት ቀን ደመወዝ አይቆረጥባትም፤ የሕክምና ማስረጃ ግን ታቀርባለች። ሥራዋ ለእርሷ ወይም ለፅንሱ አደገኛ መሆኑን ሐኪም ካረጋገጠ ወደ ሌላ ሥራ ትዛወራለች። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ነፍሰ ጡርን ማሠራት ክልክል ነው፤ ትርፍ ሰዓትም እንዲሁ።

እንግዲህ ቀኑን የሚወስነው ሥራው ነው ባይ ነኝ። ሌሊት ተረኛ የሆነች የሆቴል ወይም የግል ክሊኒክ ሠራተኛ እስከ አምስተኛው ወር ዝም ካለች፣ ሕጉ የከለከለውን ሌሊት አምስት ወር ሙሉ ሠርታለች ማለት ነው። ቀን ቀን ወንበር ላይ የምትውል ገንዘብ ያዥ ግን ሦስት ወር ብትጠብቅ የሚቀርባት ጥቂት ነው።

ተረት፦ «ካላወቁ አያባርሩኝም።»

ብዙ ሴት የሚያስከፍለው ይኼኛው ነው። እርግዝና የሥራ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት እንደማይሆን አዋጁ በግልጽ ይናገራል፤ በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ 4 ወር ድረስም፣ ከእርግዝናው ጋር የማይያያዝ ሕጋዊ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ አሠሪዋ ሊያሰናብታት አይችልም። አለቃዋ ችሎት ፊት ቆሞ «እርጉዝ መሆኗን በምን አውቄ?» ቢልስ? የደበቀችው ነገር ለእርሱ መከላከያ ይሆነዋል። ስለዚህ ስትናገር በአፍ ብቻ አይሁን። ደብዳቤውን ሁለት ቅጂ አድርጋ አንዱ ላይ ቀንና ፊርማ፣ ካለም ማኅተም ታስደርግ። መዝገብ ቤት በሌለበት ሱቅ፣ ነግራው ስትወጣ «ዛሬ እንደነገርኩህ» ብላ የምትልከው አጭር መልእክትም ቀን ይይዛል።

በሙከራ ቅጥር ላይ ያለች ሠራተኛ ጉዳይ ይከብዳል። ሙከራው እስከ 60 የሥራ ቀናት ሊዘልቅ ይችላል፤ በዚያ ጊዜ አሠሪው «ለሥራው ብቁ አይደለችም» ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይችላል። በእርግዝናዋ ምክንያት ማሰናበት ሕገ ወጥ ነው፤ እውነተኛው ምክንያት እርግዝናው መሆኑን ማሳየት ግን ከባድ ነው። ሁለት ሳምንት ቀርቷት ዝም ብትል እኔ አልፈርድባትም።

ተረት፦ «ሦስት ሰው ያለበት ሱቅ ነው፣ የጽሑፍ ውልም የለኝም፣ ሕጉ አያውቀኝም።»

ያውቅሻል። አዋጁ የሠራተኛ ቁጥር አይጠይቅም፤ ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑም መብት አያሳጣም። በእርግጥ የማያውቃት አለች፤ የቤት ሠራተኛዋ። የእርሷን ጉዳይ አዋጁ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቶታል።

ተረት፦ «እስከ ምጥ ልሥራና 30ውን ቀን ከልጄ ጋር እጨምረዋለሁ።»

ይህን ስሌት የማያውቅ መሥሪያ ቤት የለም። የወሊድ ፈቃዱ ከነሙሉ ደመወዙ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ነው፤ በቀድሞው አዋጅ 377/1996 የኋለኛው 60 ቀን ብቻ ነበር። 30ው ቀን ሳያልቅ ከወለደች የድኅረ ወሊዱ ፈቃድ ከወለደች በኋላ ይጀምራል ይላል ሕጉ፤ የተረፈው ቀን ወደ ኋላ ይደመራል የሚል ቃል ግን የለበትም። አንዳንድ አሠሪ በስምምነት ይፈቅዳል፤ የእርሱ ቸርነት ነው። በአንጻሩ 30ው ቀን አልቆ ሳትወልድ ብትቆይ እስክትወልድ ተጨማሪ ፈቃድ ታገኛለች። የመውለጃዋን ቀን ዘጠነኛው ወር ሳይገባ ያላሳወቀች ሴት 30ውን ቀን ራሷ ላይ ታሳጥራለች።

የባለ ሱቁን ፍርሃትም ማየት ያስፈልጋል። የወሊድ ፈቃዱን ደመወዝ የሚከፍል የመድን ፈንድ እዚህ አገር የለም፤ የ4 ወሩን ደመወዝ ከኪሱ እየከፈለ ተተኪም ይቀጥራል። በአራተኛው ወር የሰማ ሰው ይዘጋጃል፤ በስምንተኛው የሰማ ይደነግጣል።

የተባረረች ሴትን በተመለከተ፣ በሐዲያና በከምባታ ከተሞች የመጀመሪያው እርምጃ ሽማግሌ መላክ ነው፤ ቀጣሪው ዘመድ ወይም የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመን ሊሆን ይችላላ! ሽማግሌው «እስቲ ከመስቀል በኋላ» ይላል፣ አሠሪው «እናያለን» ይላል። ወደ ሥራ ልመለስ የሚለው ክስ ግን ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ሽምግልናው እየሄደም ክሱን መክፈት ይቻላል፣ ሠራተኛዋም የዳኝነት ክፍያ አትጠየቅም።