አሮጌ አውቶሞቢሎችና የደጋው አየር፡- የማቀዝቀዣ ጉድለት ስለ ፍሬን የሚጠቁመው

ጎንደር ከባህር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከቀሐ ወንዝ ዳርቻ ተነስቶ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የተጓዘ ተሽከርካሪ ከ2 ሺህ 800 ሜትር ከፍታ በላይ የምትገኘውን የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ደባርቅን ያገኛል። ከደባርቅ ቀጥሎም በጣሊያን ወረራ ዘመን የተሠራው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ይጠብቀዋል። ወደ ምዕራብ አቅንቶ ወደ መተማ ቢወርድ ደግሞ ከ1 ሺህ ሜትር በታች ወደሆነው ሞቃታማ ቆላ ይገባል።

በደጋው የመኪና አየር ማቀዝቀዣ ብዙም አይታሰብም። ወደ ቆላ ለሥራ የሚወርድ ሠራተኛ ግን ጥቅሙን ይረዳዋል። ማቀዝቀዣው ሳይሠራ ሲቀር አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ትዕዛዝ "ጋዝ ይሞላ" ወይም "ኮምፕሬሰር ይቀየር" የሚል ነው። በአሮጌ አውቶሞቢሎች ላይ ግን የጉድለቱ ምንጭ ከጋዙም ከኮምፕሬሰሩም ውጪ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ ምንጩ ከፍሬን ጋር የሚጋራው ኃይል ሆኖ ሊገኝ ስለሚችል፣ ጉዳዩ ከምቾት አልፎ የመንግሥት ገንዘብና የሰው ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

በተለይ ከ1960ዎቹ እስከ 1980ዎቹ እ.ኤ.አ በተመረቱ በርካታ አውቶሞቢሎች ውስጥ አየሩን ወደ ፊት፣ ወደ እግር ወይም ወደ የፊት መስታወት የሚመሩት ክዳኖች የሚንቀሳቀሱት በኤሌክትሪክ ሳይሆን በቫኪዩም ነው። ቫኪዩም ማለት በአካባቢው ካለው አየር ያነሰ ግፊት ማለት ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ የሚፈጠረው ይህ የግፊት ልዩነት በቀጫጭን ቱቦዎች አማካይነት ከዳሽቦርዱ ጀርባ ወደተተከሉ፣ በውስጣቸው የላስቲክ ዲያፍራም ወዳለባቸው ትንንሽ ቆርቆሮዎች ይደርሳል። ዲያፍራሙ ሲሳብ ክዳኑን ያንቀሳቅሳል። ቫኪዩሙ ሲጠፋ ደግሞ ክዳኑ በስፕሪንግ ኃይል ወደ ቦታው ይመለሳል።

በአብዛኞቹ አሠራሮች ስፕሪንጉ አየሩን የሚመልሰው ወደ የፊት መስታወት ነው። ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ሲሆን፣ ዓላማው ሥርዓቱ ቢበላሽ እንኳ አሽከርካሪው በጉም የተሸፈነ መስታወት ይዞ እንዳይቀር ነው። በመሆኑም ማቀዝቀዣው ሥራውን እየሠራ፣ ቀዝቃዛው አየር ወደ ተሳፋሪው ሳይሆን ወደ መስታወቱ የሚሄድ ከሆነ ጥፋቱ የጋዝ ሳይሆን የቫኪዩም መሆኑን መገመት ይቻላል። ይህን ለማረጋገጥ እጅን በመስታወቱ ሥር ባለው የአየር መውጫ ላይ ማድረግ ብቻ በቂ ነው።

የደጋው ከፍታ ነገሩን የሚያወሳስበው እዚህ ላይ ነው። ቫኪዩም የግፊት ልዩነት በመሆኑ መጠኑ በአካባቢው አየር ግፊት ላይ የተመሠረተ ነው። በባህር ወለል ላይ 30 ኢንች ሜርኩሪ ገደማ የሆነው የአየር ግፊት ጎንደር ላይ ወደ 23፣ ደባርቅ ላይ ደግሞ ወደ 21 ይወርዳል። በየ300 ሜትሩ ከፍታ የቫኪዩም መለኪያው ንባብ በ1 ኢንች ገደማ ይቀንሳል ማለት ነው። የአምራቾች የጥገና መጽሐፍ ጤነኛ የቤንዚን ሞተር በሚኒሞ ከ17 እስከ 21 ኢንች እንዲያሳይ ቢጠይቅም፣ ያው ሞተር ጎንደር ላይ ከ10 እስከ 14፣ ደባርቅ ላይ ደግሞ ከ8 እስከ 12 ኢንች ገደማ ቢያሳይ ጉድለት የለበትም። ይህን ሒሳብ ያላገናዘበ መካኒክ ጤነኛውን ሞተር እንዲፈታ ሊያዝ ይችላል። በሌላ በኩል ግን በቆላ ሳይታወቅ የሚያልፍ ትንሽ ፍንጥቅ፣ ቀድሞውኑ የቀነሰውን የደጋ ቫኪዩም ሥራ ለማቆም ሊያበቃው ይችላል።

የቤንዚንና የናፍጣ ሞተሮች ልዩነትም መታወቅ ይኖርበታል። በቤንዚን ሞተር ቫኪዩሙ የሚገኘው ከአየር ማስገቢያው ሲሆን፣ አሽከርካሪው ዳገት ለመውጣት ነዳጅ አጥብቆ ሲሰጥ ይህ ቫኪዩም ወደ ዜሮ ይጠጋል። ለዚህ ጊዜ የሚሆን ቫኪዩም የሚያጠራቅም ትንሽ ዕቃና ያጠራቀመው ተመልሶ እንዳይጠፋ የሚያግድ የአንድ አቅጣጫ ቫልቭ አለ። በዳገት ላይ አየሩ ወደ መስታወት ሸሽቶ በሜዳ ላይ የሚመለስ ከሆነ በቅድሚያ መታየት ያለባቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

የናፍጣ ሞተር በአንጻሩ በቂ ቫኪዩም ስለማይፈጥር የራሱ ፓምፕ ይገጠምለታል። እ.ኤ.አ ከ1970ዎቹ አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ በተመረተው የመርሰዲስ ደብልዩ 123 የናፍጣ አውቶሞቢል ላይ ይኸው ፓምፕ ፍሬኑን ያግዛል፤ የበር ቁልፎችን ያንቀሳቅሳል፤ ሞተሩንም ያጠፋል። ስለሆነም ቁልፉ ተዘግቶ ሞተሩ አልጠፋ ካለ፣ ወይም በሮቹ በአንድነት መቆለፍ ካቃታቸውና ማቀዝቀዣውም አየሩን ወደ መስታወት ከላከ፣ ሦስቱ ምልክቶች የአንድ ፍንጥቅ ውጤቶች የመሆናቸው ዕድል ሰፊ ነው። ለሦስቱም የተለያየ ጥገና ማዘዝ ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

ምርመራው ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቢሄድ ይመረጣል። በመጀመሪያ ሞተሩ እየሠራ ከዳሽቦርዱ ጀርባ የፉጨት ድምፅ መኖሩን ማዳመጥ ያስፈልጋል። ቀጥሎ በቫኪዩሙ ምንጭ ላይ መለኪያ ገጥሞ ንባቡን ከከፍታው ጋር ማገናዘብ ይገባል። ከዚያም ወደ ማቀዝቀዣው የሚሄደውን ቱቦ ቆንጥጦ መያዝ ነው። ይህ ሲደረግ ንባቡ ከፍ ካለና ሞተሩ ከረጋ ፍንጥቁ ከተቆነጠጠው ቦታ ወዲያ ይገኛል ማለት ነው። በሞተሩ ሙቀት የደረቁና ጫፋቸው የተሰነጠቀ ቱቦዎች ብዙ ጊዜ በዓይን ይለያሉ። ዲያፍራሞቹን ደግሞ በእጅ ፓምፕ አንድ በአንድ ስቦ፣ ቫኪዩሙን ለአንድ ደቂቃ ያህል ይዘው መቆየታቸውን ማየት ይቻላል።

በአንዳንድ አውቶሞቢሎች ወደ ማሞቂያው የሚሄደውን የሞቀ ውኃ የሚዘጋው ቫልቭም በቫኪዩም ይሠራል። ይህ ቫልቭ ሳይዘጋ ሲቀር የሞቀው ውኃ የቀዘቀዘውን አየር መልሶ ስለሚያሞቀው ጋዝ ያለቀ ይመስላል። ጋዝ ከመሞላቱ በፊት ይህንንም ማጣራት ተገቢ ነው።

የጋዙን መስመር ያለምክንያት መክፈት ሌላም ጉዳት አለው። እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ የተመረቱ አውቶሞቢሎች ይጠቀሙበት የነበረው አር 12 የተባለው ጋዝ የኦዞን ሽፋንን የሚጎዳ በመሆኑ፣ እ.ኤ.አ በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ምርቱ በበለጸጉ አገሮች በ1996፣ በታዳጊ አገሮች ደግሞ በ2010 እንዲቆም ተደርጓል። አንድ ጊዜ የተለቀቀ ጋዝ በቀላሉ አይተካም። ወደ አር 134ኤ ለመለወጥም ዘይቱንና ማሸጊያዎቹን መቀየር ያስፈልጋል። የአንድ ቱቦ ጉድለት ለዚህ ሁሉ ወጪ ምክንያት መሆን አይኖርበትም።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያሻው ግን ፍሬኑ ነው። የፍሬን ፔዳልን የሚያቀለው ሰርቮ ከዚያው ምንጭ ቫኪዩም ይቀበላል። ሰርቮው የራሱ መከላከያ ቫልቭ ያለው በመሆኑ የማቀዝቀዣው ፍንጥቅ ሁልጊዜ ፍሬኑን ያዳክመዋል ማለት አይቻልም። ሆኖም የምንጩ ድክመት ሁለቱንም ይነካል። ደጋው በራሱ የሰርቮውን እገዛ ስለሚቀንስም ተጨማሪ ድክመትን የሚሸከም ትርፍ አቅም አይኖርም። እገዛው ፈጽሞ ከጠፋ ፍሬኑ መያዙን ባያቆምም፣ ፔዳሉ ከወትሮው እጅግ የበረታ የእግር ኃይል ይጠይቃል።

የሰርቮው ፍተሻ መሣሪያ አያስፈልገውም። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ፣ ከዚያም ፔዳሉን እንደረገጡ ሞተሩን ማስነሳት ነው። ፔዳሉ ትንሽ ዝቅ ካለ ሰርቮው ይሠራል። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍቶ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ፔዳሉን መርገጥ ነው። የመጀመሪያው ርግጫ የለሰለሰ ካልሆነ ቫኪዩሙ እየጠፋ ነው። ይህ ፍተሻ ደባርቅ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ከሚበልጥ ጊዜ አይወስድም። ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ሞተር አጥፍቶ ወይም ማርሽ ነጻ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ የሰርቮውን ምንጭ የሚያቋርጥ ወይም የሞተሩን አጋዥነት የሚያሳጣ በመሆኑ ፈጽሞ ሊፈቀድ አይገባም። በከባድ ማርሽ መውረድ ግን ፍሬኑ እንዳይግል ከማድረጉም በላይ በቤንዚን ሞተር ላይ ቫኪዩሙን ከፍ ያደርገዋል።

በአዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍ ያለ ኤክሳይስ ታክስ መጣሉና በ2016 ዓ.ም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ፣ በእጅ ያሉትን ተሽከርካሪዎች በአግባቡ ጠግኖ የመጠቀምን አስፈላጊነት ያጎላዋል። ከዚህ አኳያ የመሥሪያ ቤቶች የትራንስፖርት ክፍሎች በጥገና መጠየቂያ ቅጽ ላይ የሚቀየረውን ዕቃ ሳይሆን የታየውን ምልክት እንዲጽፉ ማድረግ ጠቃሚ ይሆናል። "ኤሲ ይጠገን" ከሚል ትዕዛዝ ይልቅ "ዳገት ላይ ቀዝቃዛው አየር ወደ መስታወት ይሄዳል" የሚል ማስታወሻ መካኒኩን በቀጥታ ወደ ጥፋቱ ይመራዋል። ጋራዦችም ለሚገኙበት ከፍታ የተስተካከለውን የቫኪዩም ልክ በግልጽ ቢለጥፉ የተሳሳተ ምርመራን ይቀንሳሉ። ተሽከርካሪ የሚያሰማሩ ኃላፊዎችም እንዲህ ያለ ምልክት የታየበትን አውቶሞቢል የሰርቮው ፍተሻ ሳይደረግለት ወደ ቁልቁለት መንገድ እንዳይልኩ ጥንቃቄ ሊያደርጉ ይገባል።