ሲም ካርድን ተዋወቁት

አዲስ ስልክ የሚገዛ ሰው ስለ ካሜራው፣ ስለ ባትሪውና ስለ ሚሞሪው ሻጩን እስኪሰለቸው ድረስ ይጠይቃል። ሲም ካርዱን ግን ከአሮጌው ቀፎ በመርፌ ጎርጉሮ ያወጣና ጠረጴዛ ላይ ይወረውረዋል፤ በጥርሱ ነክሶ የሚይዝም አይቻለሁ። ያቺ ጥፍር የምታክል ነገር የራሷ ፕሮሰሰር፣ የራሷ ሚሞሪና የራሷ ፕሮግራም ያላት ኮምፒውተር ናት። ስልኩን ስልክ የምታደርገው እሷ ሆና ሳለ እንዲህ መናቋ ያንገበግበኛል።

የመጀመሪያዎቹን ሲም ካርዶች በ1991 እ.ኤ.አ. ሠርቶ ለፊንላንዱ ራዲዮሊንያ የሸጠው የሙኒኩ ጊዜከ ኡንት ዴቭሪየንት ኩባንያ ነው። ያኔ መጠኗ የባንክ ካርድ ያህል ነበር፤ ዛሬ ናኖ የምንላት 12.3 በ8.8 ሚሊሜትር ብቻ ናት። በየጊዜው የተቀነሰው በአብዛኛው ዙሪያዋ ያለው ፕላስቲክ ነው። ይህን የሰሙ ሰዎች ትልቋን ሲም በመቀስ ከርክመው ናኖ ያደርጓታል። ናኖ ግን በውፍረትም ከቀድሞዎቹ ስለምታንስ የተከረከመችው ማስገቢያው ውስጥ ልትቀረቀር ትችላለች። እባካችሁ መቀሱን ተዉት፤ ምትክ አውጡ።

ሥራዋ በዋናነት አንድ ነው፤ ኔትወርኩ ማንነታችሁን ሲጠይቅ መመለስ። በውስጧ እስከ 15 አሃዝ የሚደርስ መለያ አለ፤ የኢትዮጵያ ሲሞች መለያ በ636 ይጀምራል። ከመለያው ጋር ደግሞ 128 ቢት የሆነ ምስጢራዊ ቁልፍ ተቀምጧል። ስልኩ ሲበራ ኔትወርኩ በዘፈቀደ የተፈጠረ ቁጥር ይልካል። ሲሟ ያንን ቁጥር ከቁልፉ ጋር አስልታ ውጤቱን ብቻ ትመልሳለች። ኦፕሬተሩም የቁልፉ ቅጂ ስላለው በበኩሉ ያሰላል፤ ሁለቱ ውጤቶች ከተስማሙ መስመሩ ይከፈታል። ቁልፉ ራሱ ከካርዷ አይወጣም፤ የገባችበት ስልክ እንኳ አያየውም።

ብዙ ሰው ስልክ ቁጥሩ ሲሟ ውስጥ የሚኖር ይመስለዋል። በ09 ወይም በ07 የሚጀምረው ቁጥራችሁ የሚኖረው ኦፕሬተሩ መዝገብ ውስጥ ነው፤ ከሲሟ መለያ ጋር የሚያያዘውም እዚያ ነው። ሲም ጠፍታባችሁ ምትክ ስታወጡ የድሮ ቁጥራችሁን የምታገኙት ለዚህ ነው። አዲሷ ሲም ሌላ መለያና ሌላ ቁልፍ ይዛ ትመጣለች፣ መዝገቡ ይታረማል፣ አለቀ። አጭበርባሪም በስማችሁ ምትክ ማውጣት ከቻለ ቁጥራችሁን የሚነጥቃችሁ በዚሁ በር ገብቶ ነው።

ከዚህ የባሰው «ስሞቼ በሙሉ ሲሜ ላይ አሉ» የሚለው ኩራት ነው። ሲም ስምና ቁጥር መያዝ ትችላለች፤ ግን አብዛኞቹ ከ250 ገደማ በላይ አይዙም፣ ለእያንዳንዱ ስም የሚሰጠው ቦታም በባይት የተሰፈረ ነው። ለስም 14 ባይት የተመደበባትን ሲም እንውሰድ። በላቲን ፊደል 14 ሆሄ ይጻፍባታል። የአማርኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ይወስዳል፤ አንድ ባይት ደግሞ የአጻጻፉን ዓይነት ለማመልከት ይሄዳል። የሚተርፈን ክፍት ቦታው ተቆጥሮ ስድስት ፊደል ነው። አንዲት ጎረቤቴ ቀፎ ሊቀይሩ ሲሉ ስሞቹን አንድ በአንድ ወደ ሲም አስገለበጡ። «አልማዝ የልደታዋ» እና «አልማዝ የባንኳ» ይባሉ የነበሩት ሁለቱም «አልማዝ የ» ሆነው ቁጭ አሉ። እሳቸውም አንዷ ጋ ደወሉና ለልደታዋ የታሰበው የዕቁብ ወቀሳ ባንክ ቤት ደረሰ። «ስልኩ ነው ያዋረደኝ» ይላሉ እስከ ዛሬ። ስልኩ ምን ያድርግ!

ነገሩን ያበጁት ሰዎች አቋራጭ አላሰቡም ማለት አይደለም። የአንድ ስም ፊደላት በሙሉ በዩኒኮድ ሰንጠረዥ ላይ ተከታታይ በሆኑ 128 ቦታዎች ውስጥ ከወደቁ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ባይት እንዲበቃ አድርገዋል። ለግሪክና ለሩሲያ ፊደል ይህ ግሩም ነው። የእኛ ፊደል ግን ከ«ሀ» ጀምሮ 384 ቦታ ላይ ተዘርግቷል፤ «አልማዝ» ውስጥ ካለችው «ል» እስከ «ዝ» ብቻ 208 ቦታ አለ። ስለዚህ አልማዝ በአቋራጩ አታልፍም። ይኸው ሒሳብ ቴክስት ላይም ይሠራል። አንድ ቴክስት 140 ባይት ነው፤ በላቲን 160፣ በአማርኛ 70 ፊደል ይይዛል። ረጅም የእንግሊዝኛ መልእክት መሃል አንዲት «ሰላም» ጣል ብታደርጉ መልእክቱ በሙሉ በ70 ይሰፈርና ሒሳቡ እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል።

ስለዚህ ስሞቻችሁን ጎግል አካውንታችሁ ላይ፣ አይፎን ከሆነ አይክላውድ ላይ አስቀምጡ። ፎቶና አፕ ከሲም ጋር ከመጀመሪያውም ጉዳይ የላቸውም።

ስልኩ «ሲም የለም» ካለ አጥፉና አብሩት። ካልሆነ ሲሟን አውጥታችሁ ወርቃማውን ፊት በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ጠርጉ፣ ከዚያ ሌላ ስልክ ውስጥ ሞክሯት። እዚያ ከሠራች ጥፋቱ የቀፎው ነው፤ እዚያም ካልሠራች ምትክ አውጡ። ይህን ሙከራ ሳታደርጉ ጠጋኝ «ሶፍትዌር ይጫንለት» ቢላችሁ እሺ አትበሉ። ስልክ ፎርማት ተደርጎ የሞተች ሲም አትነሣም፤ ፎቶዎቻችሁ ግን ይጠፋሉ።

የስልካችሁ አሻራና የይለፍ ቃል ሲሟን አይጠብቋትም። ሌባ አውጥቶ የራሱ ቀፎ ውስጥ ሲከታት ለእናንተ በቴክስት የሚላከው ማረጋገጫ ኮድ ሁሉ እሱ ጋ ይገባል። ይህን የሚከለክለው የሲም ፒን ነው፤ ስልኩ በበራ ወይም ሲሟ ቀፎ በቀየረች ቁጥር ይጠይቃል። ብዙ ስልኮች ላይ ሴቲንግ ውስጥ «ሲም ሎክ» በሚለው ይከፈታል። መጀመሪያ ግን ሲሟ ተነቅላ የወጣችበትን ፕላስቲክ ፈልጉ፤ ብዙውን ጊዜ ፒኑና ፒዩኬው የተጻፉት እዚያ ላይ ነው። ፒን 3 ጊዜ ከተሳሳታችሁ ፒዩኬ ትጠየቃላችሁ፤ እሱን 10 ጊዜ ከተሳሳታችሁ ሲሟ ለዘለዓለም ትዘጋለች። ያንን ፕላስቲክ ከሱቁ ደጃፍ ላይ የምትጥሉ ሰዎች፣ ለእናንተ ነው የምናገረው።

ውጭ አገር ዘመድ ላላችሁም ሆነ አገር ለቃችሁ ለምትሄዱ ሁለት ነገር ልጨምር። ከአይፎን 14 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጡት አይፎኖች የሲም ማስገቢያ የላቸውም፤ የሚሠሩት ቀፎው ውስጥ አብሮ በተሠራው ሲም፣ በኢሲም፣ ብቻ ነው። ስለዚህ ቀፎ የሚልክላችሁ ሰው ከመግዛቱ በፊት ይህን ይወቅ። አገር ለቆ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቴሌግራሙ የተከፈተው በኢትዮጵያ ቁጥር ከሆነ፣ ሲሟ እየሠራች ሴቲንግ ገብቶ ወደ አዲሱ ቁጥር ያዛውረው፤ ወሬው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ ሥራ የፈታ ቁጥር ለሌላ ደንበኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ያኔ በቴክስት የሚላከው የቴሌግራም ማረጋገጫ ኮድ የሚደርሰው ለዚያ ሰው ነው።