በረኪናና ውኃ፦ ልኩን ማወቅ

በረኪና ልብስ ለማንጣት፣ ወለል ለመወልወልና ሽንት ቤት ለማጽዳት በየቤቱ የሚያገለግል ፈሳሽ ነው። ስሙ ቫሬኪና ከሚለው የጣሊያንኛ ቃል የመጣ ሲሆን፣ ጉልበቱን የሚያገኘው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ከተባለ የክሎሪን ውሕድ ነው። ለቤት በሚሸጠው በረኪና ውስጥ የዚህ ውሕድ መጠን ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ነው። ከዚያ ያነሰ ወይም የበለጠ የሚይዝም ስላለ፣ በዕቃው ላይ የተጻፈውን ማንበብ የመጀመሪያው ሥራ ነው።

በረኪና በውኃ ሲቀጥን ኃይሉ የሚባክን ይመስላል። ይሁንና ጀርም በመግደል ረገድ ዋነኛው ሃይፖክሎረስ አሲድ ነው፤ እሱም ድርሻው የሚጨምረው ፈሳሹ በውኃ ሲቀጥን ነው። ይህ አሲድ የጀርሙን ሽፋን አልፎ ይገባና ፕሮቲኑን ያበላሻል። ያልቀጠነው በረኪና ግን እጅግ አልካላይን በመሆኑ፣ አብዛኛው ክሎሪን ደከም ባለው መልኩ ይቆያል፤ ከዚያም አልፎ ቆዳ ያቃጥላል፣ ብረት ያዝጋል፣ ጨርቅ ይበላል፣ መተንፈሻንም ይጎዳል።

ልኩን በግምት ሳይሆን በስሌት ማግኘት ይቻላል። የበረኪናው መቶኛ ለሚፈለገው መቶኛ ይካፈልና ከውጤቱ 1 ይቀነሳል፤ የሚገኘው ቁጥር ለአንድ እጅ በረኪና ስንት እጅ ውኃ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ለምሳሌ 5 በመቶ ከሆነ በረኪና 0.1 በመቶ ለማዘጋጀት፣ 5 ለ0.1 ሲካፈል 50 ይሆናል፤ 1 ሲቀነስ 49 ይቀራል። ስለዚህ አንድ እጅ በረኪና በ49 እጅ ውኃ ይቀጥናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት ለበር እጀታ፣ ለጠረጴዛና ብዙ እጅ ለሚነካቸው ሌሎች ቦታዎች የመከረው ይህንኑ 0.1 በመቶ ነው። በቤት መለኪያ፣ 4 የሻይ ማንኪያ ወይም 20 ሚሊ ሊትር በረኪና ከውኃ ጋር ተደባልቆ በጠቅላላው 1 ሊትር ሲሆን ይገኛል፤ ለ10 ሊትር ባልዲ 200 ሚሊ ሊትር በረኪና ይበቃል። ደም ወይም የታማሚ ትውከት የነካው ቦታ ጠንከር ያለ 0.5 በመቶ ይፈልጋል፤ ይኸውም አንድ እጅ በረኪና ለ9 እጅ ውኃ ነው። ምግብ ለሚቀርብባቸው ዕቃዎችና ለመክተፊያ ግን ለ1 ሊትር ውኃ ጎደል ያለ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም 4 ሚሊ ሊትር ያህል በቂ ነው።

ሲዘጋጅ በፕላስቲክ ባልዲ አስቀድሞ ቀዝቃዛ ውኃ ይደረግና በረኪናው በኋላ ይጨመራል፤ እንዲህ ሲሆን ያልቀጠነው ፈሳሽ ወደ ዓይን አይረጭም። ሙቅ ውኃ ክሎሪኑን ያፈርሰዋል። መስኮት መክፈትና የጎማ ጓንት ማድረግም ያስፈልጋል። የቀጠነ በረኪና እየዋለ ሲያድር ጉልበቱን ስለሚያጣ በየቀኑ አዲስ ማዘጋጀት ይበጃል።

በረኪና የሳሙናን ሥራ አይተካም። ጭቃ፣ ቅባትና የምግብ ትርፍራፊ ክሎሪኑን ስለሚጨርሱት፣ ቦታው መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ ታጥቦ ይለቀለቃል። ከዚያ የቀጠነው በረኪና ይቀባል፤ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆያል፤ በመጨረሻም ምግብ የሚነካው ዕቃ በንጹሕ ውኃ ይለቀለቃል። ቶሎ የሚጠረግ በረኪና ጀርሙን ሳይገድል ሽታውን ብቻ ትቶ ይሄዳል።

በረኪና ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ መቀላቀል የለበትም። ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም አሲድ ካለበት የሽንት ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር ደግሞ ክሎራሚን የተባለ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይፈጠራል። በጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ይህ ስሕተት ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

የበረኪናው ዕቃ ከፀሐይና ከሙቀት ርቆ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጣል። በተለይ በውኃ ወይም በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ መገልበጥ አደገኛ ነው፤ ሕፃንም ሆነ አዋቂ ውኃ መስሎት ሊጠጣው ይችላል። የቀጠነውም ቢሆን በላዩ ላይ ስሙና የተዘጋጀበት ቀን መጻፍ አለበት። ዓይን ውስጥ ከገባ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠባል፤ ከዚያም ሐኪም ዘንድ ይኬዳል። የጠጣ ሰው ካለ እንዲያስመልሰው ማድረግ ጉሮሮውን ዳግም ያቃጥለዋል። አፉን አጉመጥምጦ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ፣ የበረኪናውንም ዕቃ ይዞ መሄድ ይገባል፤ ሐኪሙ በላዩ ላይ ከተጻፈው የጠጣውን ዓይነትና ጥንካሬ ያውቃልና።