ወደ መንጋቸው የተመለሱ እረኞች

በሱሉልታ ሜዳ ላም የሚያረባ ሰው የነቢያትን ጾም በኪሱም ያውቀዋል። ኅዳር 15 ጾሙ ሲገባ የአዲስ አበባ የወተት ገበያ ይቀዘቅዛል። ላሚቱ ግን ጾም የላትም፤ ጠዋትም ማታም ትታለባለች። ያልተሸጠው ወተት ይረጋል፣ ይናጣል፣ ቅቤው ለገና ይቀመጣል። ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28፣ ከሌሊቱ ቅዳሴ መልስ በሰበታም በቡራዩም ጾሙ ሲፈታ ያ ቅቤ ዶሮ ወጡ ውስጥ ይገኛል።

ታዲያ የልደት ምስጋና ለቅቤው ነው? ለእሱም ቢሆን ተመስገን ማለት አይከፋም። የበዓሉ ትምህርት ግን ከዚያ ያልፋል።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 የምሥራቹን መጀመሪያ የሰሙት ሌሊት መንጋ ሲጠብቁ የነበሩ እረኞች ናቸው። ሄደው ሕፃኑን በግርግም ተኝቶ አገኙት፤ እግዚአብሔርን እያመሰገኑም ተመለሱ። የተመለሱት ወዴት ነው? ወደዚያው መንጋ። በጓቸው አልበዛም፣ ብርዱ አልቀነሰላቸውም፣ ሄሮድስም ከዙፋኑ አልወረደም። ይህችን ቁጥር ብዙ ሰው ቶሎ ያልፋታል፤ ለእኔ ግን የገና ምስጋና ስለ ምን እንደሆነ የሚገባኝ እዚህች ላይ ነው። ሰው ወደ አምላክ መውጣት ሲያቅተው አምላክ ሥጋ ለብሶ ወደ ሰው መጣ፤ የክርስትና እምነት የሚለው ይህንን ነው። እረኞቹ ያመሰገኑት ኑሯቸው ስለተለወጠ ሳይሆን እሱ ስለመጣላቸው ነው።

የገና ጨዋታም በትውፊት ከእነዚሁ እረኞች ደስታ ጋር ይያያዛል፤ በኦሮምኛ ጨዋታውም በዓሉም ቂሌ ይባላል። ሩሯ፣ ማለትም የጨዋታው ኳስ፣ ስትመታ ሎሌው ጌታውን ቢጋፋ የማይቆጣበት ቀን ነው ይባላል። አምላክ በግርግም በተኛበት ቀን ለማዕረግ ማን ይጨነቃል!

በቅዳሴ ውስጥ በቅዱስ ባስልዮስ ስም የሚታወቅ የምስጋና ጸሎት አለ። ምስጋናው ስለጠበቀን፣ ስለረዳን፣ እስከዚህች ሰዓት ስላደረሰን ነው፤ ሀብት አይቆጥርም። ስለዚህ ቡራዩ ኬላ አጠገብ በአንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የቀን ሠራተኛም፣ ሰበታ ላይ ፋብሪካ ያለው ባለሀብትም፣ እኩል ሊጸልየው ይችላል።

ጳውሎስ ደግሞ አመስጋኝን ኪሱን ሳያስፈትሽ አይለቅም። ሊነገር ስለማይችለው ስጦታ እግዚአብሔርን የሚያመሰግነው በኢየሩሳሌም ላሉ ችግረኞች መዋጮ በሚያሰባስብበት መልእክት ውስጥ ነው፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8 እና 9ን አብራችሁ አንብቧቸው። ሀብታም ሲሆን ስለ እኛ ድሃ ሆነ የሚለውም እዚያው ነው።

ለችግረኛ ለማካፈል የገና ቅርጫ የተመቸ ነው። በሬው ታርዶ ሥጋው በየመደቡ ሲደለደል ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቢነሳ ላላዋጣ ጎረቤት አንድ መደብ ይወጣል። ነገሩ መነሳት ያለበት ግን ዕጣው ሳይጣል ነው፤ ሰው መደቡን በፌስታል ካሰረ በኋላ ቀንስ ቢሉት ማን ይሰማል?