ሽቦ የተሸመነበት ልብስ

ሌቪስና ጉግል እ.ኤ.አ. በ2017 ብስክሌት ለሚነዱ ከተሜዎች ብለው አንድ የጂንስ ጃኬት ለገበያ አቀረቡ። ዋጋው 350 ዶላር ነበር። ሲያዩት ተራ ጂንስ ነው፤ የግራ እጅጌው ጫፍ ላይ ግን ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ክር ከጨርቁ ጋር አብሮ ተሸምኗል። የለበሰው ሰው እጅጌውን በጣቱ ጠረግ ወይም መታ መታ ሲያደርገው ስልኩን ከኪሱ ሳያወጣ ዘፈን ይቀይራል፣ ጥሪ ይቀበላል፣ መንገድ ይጠይቃል። ዘዴው የስልክ ስክሪን ጣትን ከሚያውቅበት የተለየ አይደለም። ጣት ሲጠጋ በክሩ ላይ ያለው ኤሌክትሪክ በጥቂቱ ይለወጣል፤ ለውጡን ቺፕ አንብቦ በብሉቱዝ ለስልኩ ያሳውቃል።

ብረትን ከክር ማጋባት የቆየ ጥበብ ነው። ባለወርቅ ካባ ላይ የሚያብረቀርቀው ጥልፍ ብዙ ጊዜ በክር ላይ የተጠመጠመ ስስ ብረት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካው ኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች እንዲህ ዓይነት ብረት የተጠመጠመበት የሐር ጨርቅ ወስደው ኤሌክትሪክ ለቀቁበት። ከሥራዎቻቸው አንዱ የቁልፍ ሰሌዳው በብረት ክር የተጠለፈ፣ ሲነኩት ሙዚቃ የሚያሰማ ጃኬት ነበር። እሱም የተሠራው በሌቪስ ጂንስ ላይ መሆኑ ያስገርማል።

ዛሬ ለዚህ ሥራ የሚውለው ክር ብዙ ነው። ብር የተለበጠ ናይሎን አለ፣ ከማይዝግ ብረት የተፈተለ አለ፣ እንደ ጉግል ጃኬት ቀጭን ሽቦ ከጥጥና ከመሰል ክር ጋር የተገመደበትም አለ። ብር የተለበጠው ለስላሳና ለገላ የሚመች ነው፤ ጠላቶቹ ግን እጥበትና ላብ ናቸው። ማጠቢያ ማሽን ውስጥ ጨርቅ ከጨርቅ ሲፋተግ ልባጡ ይሰነጠቃል፣ የላብ ጨው ደግሞ ብሩን ይበላዋል። የልብ ምት በሚለካ ካናቴራ ላይ ይሄ ነገር ይብሳል። ደረቅ ቆዳ ምቱን አጥርቶ ስለማያስተላልፍ ካናቴራው በደንብ የሚያነበው ሰውየው ሲያልበው ነው። ንባቡን የሚያሳምረው ላብ ክሩን ይገድለዋል ማለት ነው።

በሽመና ፈንታ በሹራብ አሠራር የተያያዘ ጨርቅ ሌላ ዕድል ይሰጣል። ሹራብ የዘለበት ሰንሰለት ስለሆነ ሽቦው ሳይበጠስ ጨርቁ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥ ደግሞ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ይለዋወጣል። ደረት ላይ የዋለ እንዲህ ያለ ቀበቶ ትንፋሽን መቁጠር የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ዋናው ጣጣ ግን ያለው ክሩ ጋ አይመስለኝም፤ መጋጠሚያው ጋ ነው። ክር ይታጠፋል፣ ቺፕ አይታጠፍም። ለስላሳው ከደረቁ በሚገናኝበት ነጥብ ላይ የእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ጫና ያርፋል፤ ልብሱ መሥራት ሲያቆም መጀመሪያ መፈተሽ ያለበት ያ ቦታ ነው። እንዳይበየድ ናይሎን በብየዳ ሙቀት ይቀልጣል። ስለዚህ አንዳንዱ ተጭነው በሚገጥሙት የልብስ ቁልፍ ያያይዘዋል፣ አንዳንዱ በፕላስቲክ ሽፋን ያሽገዋል። ሊያ ቢውክሊ የተባለች አሜሪካዊት ያገኘችው መላ ቀላልና የሚያምር ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ለገበያ የቀረበው ሊሊፓድ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዋ ክብ ሲሆን ዙሪያውን ቀዳዳ አለው፤ መርፌ የያዘ ማንም ሰው በኤሌክትሪክ ክር ልብሱ ላይ ይሰፋዋል። የጉግል ጃኬት ደግሞ ባትሪውንና ብሉቱዙን ተነቃይ አድርጎ እጅጌው ላይ ሰካው፤ ሊታጠብ ሲል ይነቀላል። እንዲያም ሆኖ የተሸመነው ክፍል የተነገረለት ዕድሜ ወደ አሥር እጥበት ብቻ ነበር። አሥር እጥበት ለጂንስ ምኑ ነው!

ይህ ሁሉ ድካም ለዘፈን መቀየሪያ ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስልክን ከኪስ ማውጣት ይቀላል። ወደ ካልሲ ሲመጣ ግን ሐሳቤ ይለያል። የስኳር በሽታ የያዘው ሰው የእግሩ ነርቭ ሲደነዝዝ ቁስል ሲጀምረው አይሰማውም። ሙቀት የሚለኩ ጥቃቅን ሴንሰሮች የተሸመኑበት ካልሲ ግን አንዱ የእግር ክፍል ከሌላው ሲሞቅ ቁስል ሊጀምር እንደሚችል ቀድሞ ያስጠነቅቃል። እዚህ ላይ ጨርቁ ሰዓትም ስልክም ሊሠሩት የማይችሉትን ነው የሚሠራው፤ ከሰውነት ጋር ቀኑን ሙሉ ሳያስቸግር የሚውለው ካልሲ ነውና።

የጉግል ጃኬት መጨረሻ ከክሩም ከመጋጠሚያውም አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ2023 ጉግል ጃኬቱ የሚሠራበትን የስልክ መተግበሪያ ዘጋው፤ ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት እጅጌም ተራ እጅጌ ሆኖ ቀረ። እንዲህ ያለ ልብስ ሊገዙ ካሰቡ ሻጩን ስንት ጊዜ እንደሚታጠብ፣ መተግበሪያው የተዘጋ ዕለትስ ምን እንደሚሠራ ይጠይቁት። ቁርጥ ያለ መልስ ካጡ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።