ትልቁ ራስ የዘሩ ነው ወይስ የቦታው? (ስለ በቆሎ ዘር አመራረጥ)

በቆሎ ሲደርስ ገበሬው ከማሳው ትልልቁን ራስ ለዘር ይለያል። ልማዱ መልካም ነው። ሆኖም ዓመት በዓመት እየተመረጠ ሰብሉ እንደነበረው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ምክንያቱ የተመረጠው ራስ የበቀለበት ቦታ ሲታይ ይገለጣል። አንዱ የድሮ በረት በነበረበት ፍግ ላይ የቆመ፣ ሌላው በማሳው ጠርዝ ፀሐዩንና ውኃውን ያለ ተሻሚ ያገኘ ነው። እንዲህ ያለውን አገዳ ያወፈረው ቦታው ሲሆን፣ ቦታው ደግሞ ከዘሩ ጋር ጎታ አይገባም።

የዴንማርኩ ሊቅ ዊልሄልም ዮሐንሰን ይህንኑ በቦሎቄ ፈትኖ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1903 አሳትሟል። ከአንድ ተክል ከወረደው ዘር ከባዱንና ቀላሉን ፍሬ ለያይቶ ቢዘራ፣ የሁለቱም ምርት በአማካይ ተቀራራቢ ክብደት ሆነ። ቦሎቄ ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ዘሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ነበሩና፣ ልዩነታቸው ከዘር የመጣ አልነበረም። ከተለያዩ ተክሎች የወረዱት ግን ልዩነታቸውን ለልጆቻቸው አስተላለፉ።

በቆሎ ከቦሎቄ ይለያል። የአበባውን ዱቄት ነፋስ ስለሚያዛውረው በአንድ ማሳ ውስጥ እንኳ ዝርያው የተደባለቀ ነው፤ ስለዚህ ቦታውን ከዝርያው ለይቶ ለሚመርጥ ሰው ድካሙ ዋጋ አለው። ጋርድነር የተባለ የአሜሪካ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1961 ባሳተመው ሥራ፣ በነብራስካ ማሳውን በትናንሽ ቁራሽ ከፋፍሎ በየቁራሹ ከጎረቤቶቹ የበለጠውን አገዳ ብቻ በመምረጥ ምርቱን ከትውልድ ወደ ትውልድ ከፍ አድርጎታል።

እኛም የምንመክረው ይህንኑ ነው። ማሳዎን በችካልና በገመድ እኩል እኩል ይክፈሉ፤ የጠርዙን ሁለት ረድፍ ይተዉ። ከዚያ ከየቁራሹ እኩል ቁጥር ያለው አገዳ ይምረጡ፤ ፍግ የበዛበትም ከድርሻው በላይ አይውሰድ። «ከጭንጫ ላይ የወጣ ትንሽ ራስ እንዴት ለዘር ይሆናል?» የሚል አይታጣም። ጎረቤቶቹ ሁሉ በጫጩበት ስፍራ ደህና ራስ የያዘ አገዳ ግን፣ በፍግ ላይ ከወፈረው ሰነፍ ይሻላል ብለን እናምናለን። ዘሩ እንዳይዳከም በጠቅላላው ከመቶ አገዳ ያላነሰ ይመረጥ።

ይህ ዘዴ ለአገር በቆሎና ዲቃላ ላልሆነ የተሻሻለ ዘር ነው፤ የዲቃላ በቆሎ ልጅ ምርቱ ስለሚቀንስ ዘሩ በየዓመቱ መገዛት አለበት። የተመረጠው አገዳ ላይ ምልክት የሚታሰረው ሰብሉ ገና በማሳው ቆሞ ሳለ ነው። ከክምር ላይ ራስ የሚያማርጥ ሰው የትኛው ከፍግ፣ የትኛው ከጭንጫ እንደመጣ ሊያውቅ አይችልም።