በሸራ ጀልባ ላይ የመሪና የአውቶፓይለት ብልሽት እንዴት እንደሚፈለግ

ሌሊት ሁለት ሰዎችን ይዛ በባሕር መካከል የምትጓዝ አንዲት የሸራ ጀልባ እናስብ። አውቶፓይለቱ፥ ማለት ጀልባይቱን ያለ ሰው እጅ በተሰጠው አቅጣጫ የሚነዳው መሣሪያ፥ በድንገት የማስጠንቀቂያ ድምፅ ያሰማል፤ ጀልባይቱም ወደ ነፋሱ ዞራ ሸራዎቿ ይርገበገባሉ። ተረኛው ወዲያው «አውቶፓይለቱ ተበላሸ» ብሎ ካቻቢቴውን ይዞ የመቆጣጠሪያውን ሣጥን መፍታት ይጀምራል። እርሱ ሣጥኑን ሲፈታ ግን መቅዘፊያው ተሰብሮ፥ ወይም የመቅዘፊያው ዘንግ በሚያልፍበት ቀዳዳ ውኃ እየገባ ሊሆን ይችላል። ድምፁ የሚነግረው ችግር መኖሩን እንጂ የት እንዳለ አይደለም። ስለዚህ ፍለጋው ከኤሌክትሪኩ ሳይሆን ከመቅዘፊያው መጀመር እንዳለበት በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

በአገራችን የሸራ ጀልባ ነጂ ብዙ ስላልሆነ የክፍሎቹ ስም በአማርኛ አልተለመደም፤ ስለዚህ ከጋራዥ ሠራተኞች ቋንቋ ብዙ ተበድሬአለሁ። መቅዘፊያ የምለው ከጀልባይቱ በስተኋላ በውኃ ውስጥ ቆሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞረውን ሰሌዳ ነው። መሪ የምለው ደግሞ ነጂው በእጁ የሚይዘውን ክብ ነው። በብዙ ጀልባዎች መሪው ሲዞር ሰንሰለት ይስባል፤ ሰንሰለቱ ከሁለት የሽቦ ገመዶች ጋር ተያይዟል፤ ገመዶቹም በካሩኮላዎች ላይ አልፈው በመቅዘፊያው ዘንግ ራስ ላይ በቡሎን የታሰረውን የሩብ ክብ ቅርጽ ያለው ብረት ያዞራሉ። አውቶፓይለቱ ግን ሌላ መንገድ አለው። ኮምፓሱ አቅጣጫውን ለመቆጣጠሪያው ሣጥን ይነግራል፤ ሣጥኑ ሞተሩን ያዝዛል፤ ሞተሩም የራሱን ክንድ ገፍቶ ወይም ስቦ ዘንጉን ያዞራል። በትልልቆቹ ጀልባዎች ይህ ክንድ ከገመዶቹ ጋር ሳይገናኝ በቀጥታ ከዘንጉ ጋር የታሰረ ነው።

አንባቢው እንዲያስተውልልኝ የምፈልገው ይህን ነው፤ ሁለት መንገዶች በአንድ ዘንግ ላይ ይገናኛሉ። ከዚህ የተነሣ ምንም መሣሪያ ሳይያዝ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ብዙ ነገር ማወቅ ይቻላል። አውቶፓይለቱ ይጠፋና ጀልባይቱ በእጅ ትነዳለች። በእጅ በደንብ የምትታዘዝ ከሆነ ብልሽቱ በአውቶፓይለቱ መንገድ ላይ ነው። መሪው ያለ ምንም ክብደት እንደ ልብ የሚሽከረከርና ጀልባይቱ የማትታዘዝ ከሆነ፥ ነገር ግን አውቶፓይለቱ ሲበራ አሁንም የሚነዳት ከሆነ፥ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ከካሩኮላው ወጥቷል ማለት ነው። ሁለቱም ካልነዷት ሰው ወደ ኋላ ወርዶ በባትሪ መብራት ዘንጉን ይመልከት። መሪው ሲዞር ዘንጉ አብሮ እየዞረ ጀልባይቱ አልታዘዝ ካለች፥ ከታች ያለው ሰሌዳ ከዘንጉ ተላቋል ወይም ተሰብሮ ወድቋል። በዚያው አጋጣሚ ዘንጉ በሚያልፍበት ቱቦ ዙሪያ ውኃ አለመግባቱን ማየት ግዴታ ነው፤ ውኃ እየገባ ከሆነ የአቅጣጫው ነገር ይቆይና አስቀድሞ ውኃው ይታገዳል።

መሪው የሚዞር ግን የሚከብድ ከሆነ ነገሩ ያታልላል። ዘንጉን የሚይዙት የፕላስቲክ ኩሽኔታዎች በጊዜ ብዛት ውኃ ጠጥተው ያብጣሉ፤ ያን ጊዜ ዘንጉ ይጠብቃል። ሰው ክብደቱን በክንዱ ኃይል ስለሚያሸንፈው ልብ አይለውም፤ ሞተሩ ግን ከልኩ በላይ ኤሌክትሪክ ይስባል፥ ይሞቃል፥ በመጨረሻም ይቆማል። ባለጀልባውም አዲስ ሞተር ገዝቶ ያስገባል፤ አዲሱም በበኩሉ ይቃጠላል። የአውቶፓይለቱን ክንድ ከዘንጉ ፈትቶ መሪውን ከዳር እስከ ዳር በእጅ ማዞር ይህን ሁሉ ወጪ ያድን ነበር።

በእጅ ያለ ችግር የምትነዳ ሆና አውቶፓይለቱ ብቻ የሚያቋርጥ ከሆነ፥ ወደ ኤሌክትሪኩ መሄድ ተገቢ ነው። እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት ሞተሩ ሳይሠራ ቮልቱን መለካት ነው። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ከሞተሩ 8 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ፥ የመዳብ ሽቦው ውፍረት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን፥ ኤሌክትሪኩ መሄጃና መመለሻ 16 ሜትር ይጓዛል። የሽቦው ተቃውሞ 0.11 ኦም ያህል ይሆናል። ሞተሩ ሲቆም ኤሌክትሪክ ስለማይፈስስ ቮልትሜትሩ ሙሉውን 12.4 ያሳያል፤ መርማሪውም ደስ ብሎት ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ማዕበል መጥቶ ሞተሩ 20 አምፔር በሚስብበት ቅጽበት ግን 2.2 ቮልት በሽቦው ላይ ይቀራል፤ ለሞተሩ የሚደርሰው 10.2 ብቻ ነው። በጨው የዛገ መገናኛ ሲጨመርበት ከዚህም ይወርዳል፥ የመቆጣጠሪያው ሣጥንም ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። በ10 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ቢሆን ኖሮ የሚጠፋው ከ0.6 ቮልት ያነሰ ነበር። ስለዚህ ልኬቱ በሞተሩ ጫፍ፥ ሞተሩ መቅዘፊያውን በሚገፋበት ጊዜ ይደረግ። ሞተሩ እየዞረ ክንዱ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ደግሞ ሞተሩንና ክንዱን የሚያገናኘውን ፍሪሲዮን መጠርጠር ነው።

ሌላው ብልሽት ማቋረጥ ሳይሆን መዋዠቅ ነው፤ ጀልባይቱ እንደ እባብ እየተጥመዘመዘች ትሄዳለች። የዚህን ምክንያት ለመረዳት ሩስያ ተወላጁን መሐንዲስ ኒኮላስ ሚኖርስኪን ማስታወስ ይጠቅማል። እርሱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1922 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ ጎበዝ የመርከብ ነጂ የሚመለከተው መርከቡ ከመንገዱ ምን ያህል እንደ ወጣ ብቻ አለመሆኑን አስረዳ። ነጂው መርከቡ በምን ፍጥነት እየዞረ እንዳለና ስሕተቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደ ቆየም ያመዛዝናል። አሳቡ ኒው ሜክሲኮ በተባለው የአሜሪካ የጦር መርከብ ላይ ተፈትኗል። አውቶፓይለት እነዚህን ሦስቱን በሚገባ ካላመዛዘነ ዘግይቶ ያርማል፥ አብዝቶም ያርማል። ነገር ግን ትናንት ደኅና የነበረ ልክ በራሱ አይለወጥም፤ ስለዚህ ቁጥሮቹን ከመነካካት በፊት የላላ ቡሎን ይፈለግ፤ በኮምፓሱ አጠገብም የተቀመጠ የብረት ዕቃ ወይም የድምፅ ማጉያ እንዳለ ይታይ። እኔ እንደሚመስለኝ ብዙው ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ሰው የመፍቻ ሣጥን ኮምፓሱ አጠገብ አኑሮ ሊሆን ይችላል።

መቅዘፊያውም ገመዱም ኤሌክትሪኩም ደኅና ሆነው አውቶፓይለቱ የሚሸነፍበት ጊዜ አለ፤ ይህም ሸራው ከነፋሱ በላይ ሲበዛ ነው። ጀልባይቱ በጣም ስታጋድል ሁልጊዜ ወደ ነፋሱ መዞር ትፈልጋለች፥ መሣሪያውም ሲታገላት ይውላል። ያን ጊዜ መድኃኒቱ ሸራ መቀነስ ነው። ፍራንሲስ ቺቸስተር በ1966 ዓ.ም. ብቻውን ዓለምን ሲዞር በነፋስ የሚሠራው ራስ ነጂ መሣሪያ ሲድኒ ሳይደርስ ተሰበረበት፤ እርሱም አንዲት ትንሽ ሸራ በገመድ ከመሪው ጋር አያይዞ ጂፕሲ ሞዝ አራተኛን ሲድኒ አደረሳት። ሮቢን ኖክስ ጆንስተንም ከ1968 እስከ 1969 ዓ.ም. ባደረገው ጉዞ ተመሳሳይ መሣሪያ ቢሰበርበትም፥ የሱሃይሊን ሸራዎች እያመዛዘነ ያለ ማቋረጥ ዓለምን የዞረ የመጀመሪያው ብቸኛ ተጓዥ ሆነ። ከዚህ እንደምንረዳው ሸራዎቿ በልክ የተዘረጉላት ጀልባ ከመሪው የምትፈልገው እርዳታ ጥቂት ነው።

መቅዘፊያው ፈጽሞ ሲጠፋ ግን ይህም አይበቃ ይሆናል። ከ2020 ዓ.ም. ጀምሮ በጊብራልታር ወሽመጥና በአይቤሪያ ጠረፍ ኦርካ የሚባሉ የባሕር እንስሳት የብዙ ጀልባዎችን መቅዘፊያ ሰብረዋል። የተበጠሰው ገመድ ብቻ ከሆነ ግን በዘንጉ ራስ ላይ በቀጥታ የሚሰካ የአደጋ ጊዜ እጀታ አለ። ይህን እጀታ ወደብ ሳሉ ሰክቶ መሞከር ያስፈልጋል፤ በአንዳንድ ጀልባዎች ገና ትንሽ እንደ ዞረ ከመሪው ምሰሶ ጋር ይጋጫልና።